ጆሮውን የደፈነ ፒያኖ ቃኚ ማን ያምናል?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ43 ዓመት ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ እቃኛለሁ፤ ሥራውን ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ከተማ ይህን ሥራ የምንሠራ በጣት የምንቆጠር ነን። ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ አልፎ አልፎም ኤምባሲ እየተጠራሁ እሄዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ።

ባለፈው መስከረም፣ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ የፒያኖው ሁሉ ድምፅ በአንዴ ወረደና ሥራ በዛብኝ። በቀን ሦስትም አራትም እሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ጋደም ስል ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ አለ። መጀመሪያ የጎረቤት ፍሪጅ መስሎኝ ተነስቼ መስኮት ሁሉ ዘግቻለሁ። አሁን ግን ከራሴ እንደሆነ ገብቶኛል።

የባሰው ሌላ ነው። ከአንድ ወር በፊት አንዲት የፒያኖ አስተማሪ ደውላ «የላይኞቹ ቁልፎች ትንሽ ከፍ ብለውብኛል፤ መጥተህ እያቸው» አለችኝ። ሄጄ ስሰማው ለእኔ ልክ ነው። አፍሬ ዝም ብዬ አስተካከልኩት። ያስተካከልኩት ግን እሷ «አሁን እሺ» እስክትል ነው እንጂ በጆሮዬ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የላይኞቹን ስቃኝ በኃይል ነው የምመታቸው።

ባለቤቴ «ጆሮህን ድፈነው፤ ሐኪም ዘንድም ሂድ» ትለኛለች። ግን እትዬ፣ ጆሮውን ደፍኖ ፒያኖ የሚቃኝ ሰው ማን ያምናል? ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሹፌር ማለት እኮ ነው። ሐኪሙስ «መስማትህ ቀንሷል» ቢለኝ ምን ልሆን ነው? ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። የ17 ዓመት የእህቴ ልጅም አብሮኝ እየዞረ ሥራውን እየተማረ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ አሁን ሰባውን አልፈዋል። ቴሌቪዥን የሚከፍቱት ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ስለ ጆሯቸው አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ቃኚው፣ ከአዲስ አበባ

* * *

ወንድሜ፣ አንተ ብዬ ልጻፍልህ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ «እሷ ‹አሁን እሺ› እስክትል ነው» ያልከው ላይ። 18 ዓመት በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው፣ አንድ ቀን የሰው ፊት እያየ ሲቃኝ ምን እንደሚሰማው ሙያው ባይኖረኝም ይገባኛል። ይህን ለባለቤትህ ነግረሃታል? የሌሊቱን ጭውታ እንደምታውቅ ገብቶኛል። የአስተማሪዋን ነገር ግን የምታውቅ አልመሰለኝም። ከምርመራውም፣ ከመድፈኛውም በፊት እሱን ብትነግራት ደስ ይለኛል። ብቻህን ይዘኸው መክረምህ ነው ሌሊቱን ያረዘመብህ።

በነገራችን ላይ አስተማሪዋ ልክ ላትሆንም ትችላለች። ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ የላይኞቹ ክሮች አጭርና ግትር ስለሆኑ በሒሳብ ከሚወጣው ትንሽ ከፍ ተደርገው ነው የሚቃኙት። ያልለመደ ጆሮ ያንን «ወጥቷል» ሊለው ይችላል። ግን አንተን የሚያስጨንቅህ የእሷ ልክ መሆን አይመስለኝም። ልክ መሆንህን ለራስህ ማረጋገጥ ስላቃተህ ነው። ተሳሳትኩ?

ጆሮህ ምን እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። የምጫንህ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ቀጠሮውንም በዚህ ሳምንት ያዝ። ጭውታው በአንድ ጆሮ ብቻ መሆኑ ራሱ ለመታየት በቂ ምክንያት ነው። ከሥራህ ጋር ምንም ላይገናኝም ይችላል። የደረቀ ኩክ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎችም ጆሮ ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ በቅርቡ የወሰድከው መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገረው። እስከዚያ በክብሪት እንጨት አትጎርጉረው፤ ዘይትም ጠብ አታድርግበት። እናቶቻችን ይቅር ይበሉኝ። አንድ ጆሮህ በድንገት ድፍን ብሎ መስማት ቢያቆም ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሂድ። ለዚያ የሚሰጠው ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው።

የመስማት ምርመራው አያምም። ማዳመጫ ታደርጋለህ፤ ድምፅ ስትሰማ ቁልፍ ትጫናለህ፣ አለቀ። ነገር ግን ከሠርግ ማግስት አትሂድ። ጩኸት የጠገበ ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ውጤቱ ከእውነተኛው የከፋ ሆኖ ይወጣል። ቢያንስ 14 ሰዓት ጸጥታ ያስፈልግሃል። ስለዚህ ሰኞን ዕረፍት አድርግና ማክሰኞ ጠዋት ይሁን። ስትሄድ ሙያህን ንገራቸው። እስከ 8000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት የሚለካበት ነው) እንዲለኩህ፣ 3000ና 6000ንም እንዳይዘሉ ጠይቅ። ኦዲዮግራም የሚባለውን የውጤቱን ግራፍ ኮፒ ይዘህ ውጣ። የዛሬ ዓመት ደግመህ ስትመረመር የምታስተያየው ከእሱ ጋር ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ የምትመስለው ክፍል ላይ፣ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። ድምፅ ወደ አእምሮ የሚሻገረው በእነሱ ነው። ከሞቱ አይተኩም። ጩኸት ሲጎዳቸው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎድለው 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ ግራፉ ላይ እዚያ ጋ ጉድጓድ ይታያል። አሁን ፒያኖህን አስበው። የመጨረሻዋ፣ 88ኛዋ ቁልፍ 4186 ኸርዝ ናት። የጩኸት ጉዳት የሚጀምርበት ቦታና አንተ «ለእኔ ልክ ነው» ያልክበት ቦታ ጎረቤታሞች ናቸው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ለመመርመር ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

ከደብዳቤህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ደግሞ አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍከው ነው። «በኃይል ነው የምመታቸው» ብለሃል። ክሩ ቦታውን ይዞ እንዲቆም ጠንከር አድርጎ መምታት የሥራው አካል መሆኑን አውቃለሁ። አንተ የምትለው ግን ሌላ ነው፤ ስላልሰማህ ነው የምትመታው። ስትመታ ጆሮህ ይጎዳል፤ ሲጎዳ የምትሰማው ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ደግሞ የባሰ ትመታለህ። ያውም የቋሚ ፒያኖ የፊት ሰሌዳ ተነስቶ፣ ራስህን ከመዶሻዎቹ ፊት ደቅነህ። ነገ ጠዋት የምትሄድበት ሥራ ካለህ ይህን ብቻ ለውጥ። ጠንካራውን ምት ለማጽናት ብቻ አስቀረው፣ ለመስማት አትጠቀምበት። ስትመታም ጭንቅላትህን ቀና አድርግ።

አሁን ወደ ሹፌሩ እንምጣ። ዓይኑን የጨፈነ ሹፌር ያልከው የፋርማሲውን ስፖንጅ አስበህ ከሆነ አልፈርድብህም። የስፖንጅ መድፈኛ ቀጫጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ይቆርጣል። የጆሯችን ቱቦ ራሱ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ነው የሚያስገባው፤ ስፖንጅ ሲደፍነው ያ ይጠፋል። ፒያኖው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በዚያ አትቃኝ፤ ማንም አይችልም።

ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራው ግን ሌላ ዕቃ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ውስጡ ትንሽ ማጣሪያ አለው። ያ ማጣሪያ ቱቦው ያጣውን መልሶ ስለሚያካክስ ድምፁ ሁሉ በእኩል ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ቀለሙ ብዙም አይቀየርም። በጆሮ ልክ ተቀርጾ የሚሠራው 9፣ 15 እና 25 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ነው) የሚቀንስ ማጣሪያ ሊገባለት ይችላል። ያለ ልኬት ለማንም የሚሆነው ደግሞ 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ ተቀርጾ የሚሠራው ከ150 ዶላር ይበልጣል። በውድ አትጀምር። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም ደንበኛ ሲመጣ ርካሹን ያምጣልህ፤ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ለእህትህ ልጅ።

መድፈኛው መወዛወዙን ይወስድብኛል ብለህ የምትፈራ ይመስለኛል። ሁለት ክር በጥቂቱ ሲለያይ የሚሰማው ያ «ዋው-ዋው» የሥራህ ሁሉ ነገር ነው። ግን አስበው። አንዱ ክር በሴኮንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 441 ጊዜ ቢርገበገብ ድምፁ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ይወዛወዛል። ጮክ ቢሉም አንድ ጊዜ፣ ዝግ ቢሉም አንድ ጊዜ። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ልዩነቱ የትም አይሄድም። እንዲያውም መድፈኛ የለመዱ ቃኚዎች የመዶሻው ኳኳታ ስለሚቀንስላቸው መወዛወዙ ጎልቶ እንደሚሰማቸው ይናገራሉ። ስለዚህ ሹፌሩ ዓይኑን አልጨፈነም፤ የፀሐይ መነጽር ነው ያደረገው።

ቢሆንም የመጀመሪያው ቀን ትጠላዋለህ። የራስህ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስልሃል። አውልቀህ ልትወረውረው ያምርሃል። ለዚህ ነው ደንበኛ ቤት አትጀምር የምልህ። ቤትህ ወይም የምታውቃቸው ሰዎች ዘንድ ባለ ፒያኖ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ተለማመድበት። መጀመሪያ የወረደ ፒያኖ ስታነሳ ብቻ አድርገው፤ ያኔ ምቱ ብዙ ነው፣ ረቂቅ ጆሮም አይፈልግም። ቀጥሎ የላይኞቹን ሁለት ኦክታቭ። ሲለምድህ ሙሉውን። የመጨረሻውን ማስተካከል መድፈኛውን አውልቀህ፣ ዝግ አድርገህ እየነካካህ ብትሰማው ማንም አይከለክልህም።

ስለ ሠርጉ አጠር ላድርገው፤ ከፒያኖው ይልቅ እሱ ያሰጋኛል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል። አንተ ከስፒከሩ ጎን ስንት ሰዓት ትቆማለህ? 15 የሚቀንስ መድፈኛ በደንብ ከገባ ያንን 100 ወደ 85 ያወርደዋል፤ 15 ደቂቃው 8 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አይፎን ያለው የባንድ ጓደኛ ካለህ ናዮሽ በነፃ የሚሰጠውን የድምፅ መለኪያ ይጫንና የሚቀጥለው ሠርግ ላይ ለኩት። (ለፒያኖው ግን በስልክ አትተማመን፤ የመዶሻን ድንገተኛ ምት ስልክ በደንብ አይዝም።) ስፒከሩን ከቀኝ ጆሮህ ማዞርም ገንዘብ አይጠይቅም። ሠርጉን ተወው አልልህም፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በምን እንደሚሸፈን አውቃለሁ። ግን ጭውታው እስኪለይለት ድረስ ቅዳሜን ይዘህ እሁድን መልቀቅ ይቻልህ ይሆን? ከባለቤትህ ጋር ተመካከሩበት።

እፍረቱን በተመለከተ ብቻህን አይደለህም። ለንደን ውስጥ ክሪስቶፈር ጎልድሻይደር የሚባል የቪዮላ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. 2012 በሮያል ኦፔራ ሃውስ ልምምድ ላይ ነሐስ ነፊዎቹ ፊት ተቀምጦ ጆሮው ተጎዳ፤ ሥራውንም አጣ። ከስሶ እ.ኤ.አ. 2018 ተፈረደለት፤ በይግባኝም በቀጣዩ ዓመት በዋናው ነጥብ ጸናለት። የተቋሙ አንዱ መከራከሪያ ምን ነበር መሰለህ? ለጥበብ ሲባል የተወሰነ ጉዳት ሊታለፍ ይገባል የሚል ነበር። ዳኛዋ አልተቀበሉትም። ለፋብሪካ የወጣው የድምፅ ሕግ ለኦርኬስትራም ነው አሉ። እንግዲህ አንተን የያዘህ እፍረት ትልልቅ ቤቶችንም ይዞ ነበር።

ደንበኛ «ጆሮህ ውስጥ ምንድነው?» ቢልህ አትደንግጥ፣ አትደብቀው። «የቃኚ መድፈኛ ነው፤ ድምፁን እኩል ነው የሚቀንሰው። በየቀኑ ስለምሠራ ጆሮዬን እጠብቃለሁ» በለው። ከፈለገ አንድ ንጹሕ ጥንድ ስጠውና ራሱ ይስማው። እኔ ደንበኛ ብሆን ከዚያ በኋላ ሌላ ቃኚ አልፈልግም።

ከሁሉ የሚያስፈራህን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ሐኪሙ «ቀንሷል» ቢልስ? እውነቱን ልንገርህ፤ የጠፋውን መድፈኛ አይመልሰውም። ግን ወረቀቱ ካለህ ላይ አንዲት ነገር አይወስድብህም። የወሰደው ካለ ከመመርመርህ በፊት ወስዷል። ጭውታውም ቢሆን ፍጹም ጸጥታ ውስጥ ነው የሚበረታው፤ ማታ ዝግ ያለ ሬዲዮ ወይም ማራገቢያ ይረዳሃል። ለላይኞቹ ቁልፎች ደግሞ ድምፁን በስክሪን የሚያሳዩ እንደ ቲዩንላብና ቬሪቲዩነር ያሉ መሣሪያዎች አሉ። ስልክ እያየ የሚቃኝ ቃኚ አይደለም የሚሉ እንዳሉ እሰማለሁ። ይበሉ። መካከለኛውን በጆሮህ ሠርተህ የመጨረሻውን ኦክታቭ በስክሪን ብታጣራ ፒያኖው አያውቅብህም። ደግሞ አጠገብህ የ17 ዓመት ጆሮ ቆሟል። የላይኞቹን «ስማልኝ» ብትለው እሱም ይማራል፣ አንተም ታርፋለህ። የሰው ፊት እያዩ ከመቃኘት ይሻላል። ብቻ መድፈኛውን ከዛሬ ጀምሮ ይልመድ። አንተ ስታደርግ ካላየህ ግን አያደርግም፤ በዚያ ዕድሜ ማንን ነው የሚሰሙት?

አንድ ነገር ቀረኝ። ጋሼ ዘንድ ሂድ። ስለ ጆሯቸው አንስተውልህ አያውቁም ብለሃል፤ አንተም አልጠየቅክም። ምናልባት እሳቸውም አንድ ቀን የላይኞቹ ቁልፎች ጠፍተውባቸው ይሆናል። ምናልባት ለማን እንደሚናገሩ አጥተው ይሆናል። የከሰስካቸው እንዳይመስላቸው ከራስህ ጀምር፤ ስለ ጭውታው፣ ስለ አስተማሪዋ ንገራቸው። ከዚያ «እርስዎስ መቼ ነበር?» በላቸው። ልጁንም ይዘኸው ሂድ። ቴሌቪዥኑን አስፈቅደህ አጥፋው። መብራት ባለበት፣ ከንፈርህ በሚታይበት ቦታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥ። ድምፅህን አታንሳ፤ ቀስ ብለህ ተናገር።